በመዋኛ ሐይቆች በአየር የሚነፋ መንሳፈፊያ ለምን ይከለከላል?

ዋና የማይችል ልጅ ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር የሚወርድ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር አይረሳም። ከገበያ የተገዛ ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት፣ ከጎሚስታ ደጅ የተገኘ ያረጀ ከመነዳሪ፣ ያም ባይሆን ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ይያዛል። ዓላማው ልጁ እንዳይሰጥም ነው። በሌላው ዓለም የሚገኙ በርካታ የሕዝብ መዋኛ ሐይቆች ግን ዋናተኞች ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክሉት ይህንኑ ዓይነት ዕቃ ነው።

ክልከላውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እንዳይሰጥም የሚረዳ ነገር በምን ምክንያት ይከለከላል? ምክንያቱ ሲመረመር ደንቡ የሚለየው ቁም ነገር ይገለጣል፤ ከውኃ በላይ የሚያቆይ ነገር ሁሉ ሕይወት አድን አይደለም። ያው ጀሪካን ዋና በማይችል ሰው እጅ ሆኖ ወደ ጥልቁ ሲገባ አደጋ ነው፤ በዳርቻ ቆሞ ለሚወረውር ሰው ግን ከመልካም የማዳኛ መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት በ2021 በመላው ዓለም 300 ሺህ ገደማ ሰዎች ሰጥመው መሞታቸውን አመልክቷል። ከ10 ሟቾች 9ኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18 የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲታሰብ አድርጓል። ዕለቱ በአገራችን ክረምቱ ከበረታበት፣ ተማሪዎች ለዕረፍት ቤት ከሚውሉበት፣ ኩሬዎችና ወንዞች ከሚሞሉበት ወቅት ጋር ይገጥማል።

ደንቡ በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው ዋልደን ኩሬ ጥልቀቱ 30 ሜትር ያህል የሆነ፣ በበጋ ወራት ብዙ ሕዝብ የሚዋኝበት ውኃ ነው። በቦታው ደንብ ውሻ፣ ብስክሌትና መንሳፈፊያ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በግዛቲቱ የመስጠም አደጋ ተደጋግሞ በመድረሱ ከተከለለው መዋኛ ውጪ መዋኘት ለጥቂት ቀናት ሙሉ በሙሉ ታግዶ ነበር። እገዳው በሁኔታዎች ተገድቦ ሲነሣ፣ ከክልሉ ውጪ ርቀው የሚዋኙ ሰዎች ደማቅ ቀለም ያለው ትንሽ ተንሳፋፊ በገመድ ከወገባቸው ጋር አስረው እንዲጎትቱ ተጠየቀ። መንሳፈፊያ በሚከለክል ኩሬ መንሳፈፊያ መጠየቁ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ዕቃ ዋና የሚችል ሰው ከሩቅ እንዲታይ የሚያደርግ ምልክት ነው፤ ዋና የማይችለውን ተሸክሞ ወደ ጥልቁ የሚወስድ አይደለም።

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1912 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የመርከብ መሣፈሪያ መድረክ ተሰብሮ ብዙ ሰዎች ውኃ ውስጥ ወደቁ። በዚያ ዘመን ዋና የሚችለው ሰው ጥቂት ስለነበረ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህ አደጋ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ የነፍስ አድን ማኅበር እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። ማኅበሩ ዛሬ ለሕፃናት ከሚያስተምራቸው ጥቂት የመዋኛ ደንቦች መካከል አንዱ በአየር የሚነፋ የመዋኛ መርጃ ለደኅንነት ዋስትና እንደማይሆን የሚያስጠነቅቀው ነው። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻዎች ደግሞ ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ እየነፈሰ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚነፋ ዕቃ ይዞ መግባት አይገባም።

የክልከላው ስፋት ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ሐይቅ ማናቸውንም የሚነፋ ነገር ያግዳል፤ ሌላው ጥልቀት በሌለው ክፍል ብቻ ይፈቅዳል። በአብዛኛው ግን ደረጃውን የጠበቀ፣ በአካል ላይ የሚታሰር የሕይወት አድን ጃኬት፣ በተለምዶ ላይፍ ጃኬት የሚባለው፣ ከክልከላው ውጪ ነው።

አየር የሚከዳበት ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ነፋስ ነው። የሚዋኝ ሰው አካሉ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ ብዙ አይገፋውም። በአየር የተነፋ ፍራሽ ወይም ቀለበት ግን ከውኃው ገጽ በላይ ተቀምጦ ልክ እንደ ሸራ ነፋሱን ይቀበላል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቅ ሲነፍስ ደግሞ ዳርቻው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ማዕበሉ የሚነሣው ራቅ ብሎ ስለሆነ በዳር የቆመ ወላጅ አደጋውን አያየውም። ልጁ በትንሽ እጁ ቢቀዝፍ ነፋሱን አያሸንፍም። በዚህ ጊዜ ሞት የሚመጣው በአንዱ ከሁለት መንገዶች ነው፤ ልጁ ደንግጦ ከመንሳፈፊያው ይወርዳል፣ ወይም አባት ልጁን ተከትሎ ከአቅሙ በላይ ይዋኛል። የሸሸ ኳስ ወይም ባዶ ቀለበት ለመያዝ ሲሉ ከዳርቻ መራቅም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይህንን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም። ማልደው ተነሥተው ከሰዓት በኋላ ከሚነሣው ነፋስ በፊት መድረስን ይመርጣሉ። ለመዋናት የሚሄድ የከተማ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ምሳ በልቶ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ነፋሱ ሊነሣ ሲል ነው የሚገባው።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። ዋና የማይችል ሰው ያለ መንሳፈፊያ ከደረቱ በላይ ወደ ሆነ ውኃ አይገባም፤ ፍርሃቱ ይጠብቀዋል። ቀለበቱ ያንን ፍርሃት ያነሣና እግሩ ከማይደርስበት ቦታ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ቀለበቱ ቢያመልጥ፣ ቢገለበጥ ወይም ቢተነፍስ ልጁ ያለበት ቦታ ያለ ቀለበቱ ፈጽሞ የማይደርስበት ቦታ ነው። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠሩ ሐይቆች ዳርቻቸው እንደ ገደል ድንገት የሚወርድ በመሆኑ በዚህ ረገድ የከፉ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቆችና በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚገኘው ዘንገና ሐይቅ ከእነዚህ ይመደባሉ። የወሎው ሐይቅ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ጣና በአንጻሩ ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ለሚሰጥም ሰው ግን ሁለት ሜትርም ይበቃል፤ ጣና አደጋው ከጥልቀቱ ይልቅ ከስፋቱና ከማዕበሉ ነው።

መገልበጥ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ሕፃን በቀለበት ውስጥ ተቀምጦ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ቀለበቱ ይዞት ይዞራል፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ በቀለበቱ ተጣብቆ ይቀራል። ያን ጊዜ ይጠብቀዋል የተባለው ዕቃ ቀና እንዳይል ይይዘዋል።

አየር ማፍሰስን በተመለከተ የገጠር ሰው የሚያውቀው ምሳሌ አለ። የግራር እሾህ የበዛበት ዳርቻ ለብስክሌት ጎማ የማይመች ከሆነ ለቀጭን የፕላስቲክ ቀለበትም አይመችም። በፀሐይ ላይ ተነፍቶ የተወጠረ ቀለበት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ሳይበሳም ይለዝባል። ከመነዳሪ ጠንከር ያለ ቢሆንም ለዋና አልተሠራም፤ መንፊያው ብረት ቆዳ ይሰነጥቃል፣ ተደጋግሞ የተለጠፈ ከሆነም መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም።

የመጨረሻው ምክንያት የነፍስ አድን ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውኃው በላይና በታች ሲል ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ አያገኝም፤ ይህ ትግል ከአንድ ደቂቃ በታች ሊያበቃ ይችላል። ውኃው በፍራሾችና በቀለበቶች በተሸፈነ ጊዜ ከሥራቸው የገባን ልጅ የሚያይ ዓይን የለም።

ላይፍ ጃኬት ከቀለበት በምን ይለያል

የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በግንዱ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ክፍሎች አሉት። ግንዱ ቢቆረጥም፣ ቢወጋም አየሩ በአንድ ጊዜ አይወጣም። የላይፍ ጃኬት ስፖንጅም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ አየሩ በአንድ ከረጢት ሳይሆን በማይቆጠሩ የተዘጉ ክፍሎች ተከፋፍሏል። እሾህ ቢወጋው አንዱ ክፍል እንጂ ሁሉም አይጠፋም። ታንኳ ከአገልግሎት በኋላ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ጃኬትም እርጥብ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ከተጣለ ይበላሻል።

ሌላው ልዩነት መታሰሩ ነው። ቀለበትና ጀሪካን የሚጠቅሙት ሰውየው እስከ ያዛቸው ድረስ ብቻ ነው። እጁ የዛለ፣ የደነገጠ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ይለቃቸዋል፤ ጃኬት ግን ሰውየውን ይይዛል።

በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ የመንሳፈፍ ኃይሉን በኒውተን ይለካል፤ በጃኬቱ ላይ 50፣ 100፣ 150 ወይም 275 የሚል ቁጥር ይጻፋል። 50 የተባለው ዋና ለሚችልና እርዳታ በቅርብ ላለው ሰው ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አይመልስም። ፊትን ወደ ላይ እንዲመልሱ ታስበው የሚሠሩት ከ100 ጀምሮ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ዋና ለማይችል ሰው ከ100 በታች መግዛት አያዋጣም።

መጠኑም የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በሰውየው ክብደት ነው። ለልጅ “ያድግበታል” ተብሎ ሰፊ ጃኬት መግዛት በልብስ ቁጠባ ቢሆንም በውኃ ግን አደጋ ነው። ጃኬቱን አልብሶና ማሰሪያውን አጥብቆ ከትከሻው ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው። ለትንንሽ ልጆች በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። በጀልባ የሚጓዝ ሰውም ጃኬቱን መልበስ ያለበት ከዳርቻ ሳይነሣ ነው፤ ከመቀመጫ ሥር የተከመረ ጃኬት ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ የሚለበስ አይደለም።

ደንብ ያለ ጠባቂ

በአገራችን ሰው በሚዋኝባቸው በርካታ ዳርቻዎች “መዋኘት ክልክል ነው” ከሚል ሰሌዳ በቀር ሌላ አይታይም፤ ሰሌዳውም የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። ሁሉን የሚከለክልና ማንም የማያስፈጽመው ሰሌዳ ደንብ ሊባል አይችልም። ወጣቱ ከሰሌዳው ሥር ልብሱን አስቀምጦ ይገባል፤ ሰሌዳው የት መግባት እንደሚሻል ስለማይነግረውም ከሁሉ የከፋውን ቦታ ሊመርጥ ይችላል። በጥምቀት ዕለት በጎንደር የፋሲለደስ መዋኛ ጸበሉ ከተባረከ በኋላ ወጣቶች እየዘለሉ የሚገቡበትን ሁኔታ ያየ ሰው፣ ሕዝብና ውኃ በተገናኙበት ቦታ ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ ይረዳል።

ከዚህ የሚሻለው ጥቂት ነገርን በግልጽ መፍቀድና የቀረውን መከልከል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከባድ አይደለም። አንድ ዳርቻ ተመርጦ መሬቱ ቀስ በቀስ የሚወርድ መሆኑ በምርኩዝ ይለካል። የአዋቂ ደረት ከሚደርስበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም የተቀቡ ጀሪካኖች በገመድ ተያይዘው ከታች በድንጋይ ይታሰራሉ፤ ከዚያ መስመር ማዶ ዋና የማይችል አይገባም። ከመስመሩ ውስጥም ከላይፍ ጃኬት በቀር የሚነፋ ነገር አይፈቀድም። ዋና የሚዘጋበት ሰዓት የአካባቢውን ነፋስ በሚያውቁ ጀልበኞችና ዓሣ አጥማጆች ምክር ይወሰናል፤ ይህንን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ይቸግራል። በበዓላትና በዕረፍት ቀናት ዋና የሚችልና የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው አበል ተከፍሎት እንዲቆም ማድረግ ከተማ አስተዳደሮችና በዳርቻው የሚነግዱ መዝናኛዎች በጋራ ሊሸከሙት የሚችሉት ነው።

በባሕር ዳር ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ለብቻው መታየት አለበት። ውኃው በጨረጨራ ግድብ በኩል ስለሚወጣ የላዩ ጸጥታ የታቹን ጉዞ ይሸፍናል፤ ጉማሬም አለ። በተንሳፋፊ ነገር ላይ የተቀመጠ ሰው መሄዱን የሚያውቀው ዳርቻው ሲርቅ ነው። በዚህ ቦታ መዋኘትን ሙሉ በሙሉ መከልከል ተገቢ ነው።

ስለ ቢልሃርዚያ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ አይቻልም። ጣናን ጨምሮ በብዙ የአገራችን ሐይቆችና ወንዞች የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ፤ ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ዳርቻ ቀንድ አውጣዎች ስለሚኖሩ ከመስጠም የሚያመልጠው ሰው ለበሽታው ሊጋለጥ ይችላል። ላንጋኖ ከዚህ ነጻ ነው ሲባል ይሰማል፤ ይህን ግን እንደ ዋስትና መያዝ አይገባም።

ደንብ የማይደርስበት ኩሬ

ስለ ሐይቅ የተነገረው ሁሉ ከአርሶ አደሩ ደጅ ላለው ኩሬ በእጥፍ ይሠራል። ዝናብ አጠር በሆኑ ወረዳዎች ለመስኖና ለከብት የሚቆፈሩ የውኃ ማቆሪያ ኩሬዎች ብዙዎቹ 3 ሜትር ገደማ ጥልቀት አላቸው፤ ውኃው እንዳይሰርግም በጂኦሜምብሬን ፕላስቲክ ይነጠፋሉ። ፕላስቲኩ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በሐይቅ ዳር የወደቀ ልጅ አሸዋ ወይም ሣር ይይዛል፤ በኩሬ የወደቀ ግን የሚጨብጠው የለም። ዋና የሚችል ጎልማሳም ቢሆን በተንጣለለው ግድግዳ ላይ እየወጣና እየተንሸራተተ እስኪዝል ድረስ ሊታገል ይችላል። ጩኸቱን የሚሰማ ሰው ደግሞ በማሳ ነው ወይም በገበያ። ለልጆች ኩሬው በአቅራቢያቸው ያለ ብቸኛ መዋኛ ስለሆነ “አትግቡ” ማለት ብቻ ብዙ ዘመን አልሠራም።

ኩሬውን የሚያስቆፍር ሰው ለፕላስቲክና ለጉልበት ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር የሚከተሉት ሥራዎች ወጪያቸው ጥቂት ነው። በዙሪያው የእሾህ አጥር ይታጠራል፤ በሩ ልጅ የማይከፍተው መወርወሪያ ይደረግለታል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከአጥር የሚተካ ነገር የለም፤ ምክር አይገባውምና። ቢያንስ በሁለት ወገን በየክንዱ ርቀት የተቋጠረ ወፍራም ገመድ ከላይ በችካል ታስሮ እስከ ኩሬው ወለል ይለቀቃል። ያረጁ የመኪና ጎማዎችን በገመድ አያይዞ እንደ መሰላል ማውረድም ይቻላል፤ ይህም ለወደቀ በግና ፍየል ጭምር ይረዳል። ውኃ የሚቀዳው ሰው ወደ ጠርዙ እንዳይወርድ መቅጃው ከላይ በገመድ ቢሆን ይመረጣል።

ውኃ ለመቅዳት የሚላክ ልጅ አንድ ነገር ቢማር ይጠቅመዋል። ድንገት ቢወድቅ ለመውጣት ከመታገሉ በፊት ባዶውንና ክዳኑ የተዘጋውን ጀሪካን በደረቱ አቅፎ በጀርባው መጋደም ነው። ጀሪካን ባይኖርም ጭንቅላትን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ ጆሮ ውኃ ውስጥ እስኪገባ ተንጋሎ፣ እጅና እግርን በዝግታ እያንቀሳቀሱ ትንፋሽ እስኪረጋጋ መንሳፈፍ ይቻላል። የእንግሊዝ የባሕር ነፍስ አድን ተቋም ለሕዝብ የሚያስተምረው ዋናው ትምህርት ይኸው ነው። ይህ ግን ልጁ እግሩ በሚደርስበት ውኃ፣ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ሊለማመደው የሚገባ ነው።

ዘሎ ከመግባት በፊት

አንድ ሰው ሲሰጥም አይቶ ዘሎ መግባት የልብ ሥራ ቢሆንም በአንድ ሬሳ ፈንታ ሁለት የሚያወጣው ይኸው ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ ጠንካራ ዋናተኛን እንኳ ይዞ ይወርዳል። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በሕይወቱ ላይ ከባድ አደጋ የተጋረጠበትን ሰው ሊረዳ እየቻለ ሆን ብሎ ትቶት የሄደን ይቀጣል፤ ነገር ግን ግዴታው ራስን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጡ ለሚሰጥ እርዳታ ነው። ሕጉም ማንንም ውኃ ውስጥ ዝለል አይልም።

ከዳርቻ ሆኖ ማዳን የሚቻልበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ አለ። ምርኩዝ፣ የቀርከሃ ዘንግ፣ የተጠመዘዘ ጋቢ ቅርብ ላለው ይደርሳል። እናቶች ወገባቸውን የሚታጠቁበት መቀነት ብዙ ክንድ ርዝመት ያለው ጠንካራ ጨርቅ ስለሆነ ከነጠላ ይሻላል። የሚያቀብለው ሰው መሬት ላይ በሆዱ ይተኛል ወይም ሌላ ሰው ከኋላው ይይዘዋል፤ ቆሞ የሚጎትት ራሱ ይገባል። ለራቀው ሰው የሚወረወር ነገር ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ የተወቀሰው ጀሪካን ክብር የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ክዳኑ የተዘጋ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይህን ያህል ይሸከማል፤ ባለ 20 ሊትሩ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ሊደግፍ ይችላል።

ሰውየው ወጥቶ ካልነቃና ካልተነፈሰ ገልብጦ ማንጠልጠልም ሆነ ውኃ ይውጣለት ብሎ ሆዱን መጫን አይገባም፤ ትውከት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ጊዜም ያባክናል። አንጎል ያለ አየር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ ከ2 እስከ 5 ትንፋሽ መስጠት ይቀድማል። ከዚያ በደረቱ መካከል በሁለት እጅ 30 ጊዜ በፍጥነት መጫን፣ 2 ትንፋሽ መስጠት፣ እርዳታ እስኪደርስ ወይም ሰውየው መተንፈስ እስኪጀምር ይህንኑ መደጋገም ነው። ለአዋቂ ጫናው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ በደቂቃም ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይሆናል። ሌላ ሰው በዚያው ጊዜ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል። የነቃ ሰውም ቢሆን ውኃ ወደ ሳንባው ገብቶ ከነበረ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊከፋ ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ለሐይቅ ዳርቻም ሆነ ለኩሬ የሚሆነው የመወርወሪያ ጀሪካን በቀላሉ ይዘጋጃል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይመረጣል፤ ባዶው ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንዳይመልሰው አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ ይጨመርበትና ክዳኑ ይጠብቃል። በመያዣው ላይ ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚሆን ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ወርዋሪው እንዳያመልጠው በትልቁ ይቋጠራል። ሲወረወር ከሰውየው ራስ በላይ አሳልፎ መጣል ያስፈልጋል፤ ገመዱ ትከሻው ላይ ሲያርፍለት ራሱ ይይዘዋል። ጀሪካኑ ሁሉም በሚያየው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ ሰው ለውኃ መቅጃ እንዳይወስደውም ዙሪያው ቀይ ቀለም ይቀባል።